የጥሩንባ ነፊው ፍሬን

ተክለጻድቅ የአቶ አሰፋን ሞት ሰርግ ቤት ገብቶ የተናገረው ወዶ አይደለም። ፍሬኑ እምቢ ብሎት ነው።

ተክለጻድቅ የሰፈሩ ዕድር ጥሩንባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ከሸዋ በር ውጭ ካለው መንደር አንስቶ ጀጎል ውስጥ እስካሉት ጠባብ መንገዶች ድረስ የተበተነውን ዕድርተኛ እየዞረ ይጠራል። ድሮ በእግሩ ነበር የሚዞረው። ጉልበቱ እያደር ሲከዳው ዕድሩ ተሰብስቦ መከረና፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሐረርን ለቆ ሲሄድ በጨረታ ካወጣው ንብረት ውስጥ አንድ ነጭ፣ ወይፈን የሚያህል ሞተር ሳይክል ገዛለት። ሌላ ትንሽ ሞተር ጠፍቶ አይደለም። ይኸኛው የተመረጠው በፍሬኑ ነው። በሌላው ሞተር የፊተኛው ጎማ በቀኝ እጅ፣ የኋለኛው በእግር ይያዛል። የዚህ ግን የእግሩን ፔዳል ሲረግጡት ፊትና ኋላውን አንድ ላይ ይይዛል። ለተክለጻድቅ ይህ ከሰማይ የተላከ ነበር፤ ሥራ ላይ ሲሆን ቀኝ እጁ ነፃ አይደለምና።

ጥሩንባ በቀኝ እጅ ነው የሚያዘው። ይህን ያስተማሩት ከእርሱ በፊት የነበሩት ጥሩንባ ነፊ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰውን ወደ መቃብሩ በግራ እጅ መጥራት መናቅ ነው ይሉ ነበር። የሞተሩ ጩኸት ደግሞ ጥሪውን ስለሚውጠው ተክለጻድቅ ዳገቱን በሞተር ይወጣና አናቱ ላይ ሲደርስ ያጠፋዋል። ከዚያ መሪውን በግራው፣ ጥሩንባውን በቀኙ ይዞ፣ እንደ ደመና ጥላ ኮሽ ሳይል ቁልቁል ይወርዳል። መጀመሪያ ጥሩንባው፤ ከዚያ የሟቹ ስም ከነአባቱ፤ ከዚያ የቀብሩ ሰዓት። በየመታጠፊያው እግሩን ረገጥ አድርጎ ይቆማል፣ ይጠራል፣ ያልፋል።

በአቶ አሰፋ ቀንም እንደ ወትሮው እግሩን ረገጠ። ሞተሩ የሚረግጠውን ሰው እንደማያውቅ ሆኖ መውረዱን ቀጠለ። ደግሞ ረገጠ። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ የሰርግ ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ በሩም ሰፊ ነው። ጥሪ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥም። ስለዚህ ተክለጻድቅ በሙሽሮቹና በኬኩ መካከል ሲቆም ጥሪው የሰዓቱ ነገር ላይ ደርሶ ስለነበር፣ አንገቱን አቀርቅሮ "በዘጠኝ ሰዓት እንድትገኙ ትባላላችሁ" ብሎ ጨረሰ። ሰርገኛው ጨዋ ነው፤ ተጠርቶ አይቀርም። በዘጠኝ ሰዓት ሚዜዎቹ ደረታቸው ላይ ቀይ አበባ እንደሰኩ ሬሳ ተሸከሙ። የሙሽራው አባት ግን እስካሁን እንዳኮረፉ ናቸው።

በማግስቱ ዕድሩ ተሰበሰበ። ጸሐፊዋ ሥርጉት፣ ባንክ የምትሠራ ቁምነገረኛ ልጅ፣ ነገሩን በለሆሳስ አቀረበችው። ከእንግዲህ የሞት ጥሪ በቴሌግራም ይሁን አለች። ሁሉም ስልክ አለው፤ ስልክ የሌለውም ስልክ ያለው ልጅ አለው። ጋሽ ተክሌንም ማንም አያባርራቸውም፤ የድንኳንና የወንበር ጠባቂ ሆነው ይቀመጣሉ።

"ቴሌግራም ፍሬን አይፈልግም" ብላ ተቀመጠች።

ሰው ሳቀ። ተክለጻድቅም ሳቀ፤ ሰው ሲስቅበት ለብቻው መኮሳተር ትዕቢት ስለሚመስለው።

የዕድሩ ዳኛ ሃምሳ አለቃ ሀብተወልድ ናቸው። በውትድርና ሐረር መጥተው፣ ጡረታ ወጥተው፣ በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ ሳያጣሩ መበየን አይወዱም። እስከ እሑድ ሞተሩ ይታይ አሉ። ተሠርቶ፣ በሥራ ላይ እንዳለ ሆኖ ተፈትኖ፣ ከተሰመረለት መስመር ላይ ከቆመ ጥሩንባው ይቀጥል ወይስ ይቅር በድምፅ እንወስናለን። ካልቆመ ድምፅም አያስፈልግ፤ ጥሩንባው ዕቃ ቤት ይግባ።

ተክለጻድቅ ያን ሌሊት ሲጸልይ ስለ ሞተሩ አልጸለየም። ፍሬን አስተካክልልኝ ብሎ የእግዚአብሔርን ደጅ ማንኳኳት አሳፈረው። ግን አንድ ነገር በልቡ አለ፣ ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ጥሪው ወደ ታች፣ ወደ ሰው ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ይሰማል ብሎ ያምናል። አንድ ሰው ስሙ ከነአባቱ፣ በሙሉ ድምፅ፣ በአደባባይ ሳይጠራ እንዴት እዚያ በር ላይ ይደርሳል? ማን ብሎ ይገባል? ስልክ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ወደ ላይ የሚሰማ አይመስለውም። ይህን ስብሰባ ላይ ቢናገረው ይስቁበታል። ስለዚህ ዝም አለና ሞተሩን እየገፋ ሪድዋን ዘንድ ሄደ።

ሪድዋን ከሸዋ በር ውጭ በቆርቆሮ የተሠራች ጋራዥ አለችው። እንደ ሐረር ልጅ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉን ሰው "አንተ" ነው የሚለው፤ ማንም ግን ሰደበኝ ብሎት አያውቅም። ፔዳሉን በእጁ ተጫነው፣ ለቀቀው፣ ደግሞ ተጫነው፤ ጆሮውንም አስጠጋ።

"አቦ ጋሽ ተክሌ፣ እግርህ ምንም አላጠፋም" አለ። "ይሄ ሞተር ሽማግሌ አለው። ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱ ዝም ብሎ ወደ ጎማ አይሮጥም፤ መሀል ላይ ቫልቭ አለ። ለኋላው ይህን ያህል፣ ለፊቱ ይህን ያህል፣ ፊቱ ደግሞ ትንሽ ዘግየት ይበል ብሎ የሚያካፍል። ሽማግሌው ተኝቷል። አንተ ትረግጣለህ፣ እሱ ያንኮራፋል።"

ቀጥሎ ያስረዳውን ተክለጻድቅ እንደ ስብከት አዳመጠው። የፍሬን ዘይት ካልተቀየረ ከአየሩ ውሃ ይስባል፤ ውሃው ውስጡን ያዝጋል፤ ዝገቱና አተላው ቫልቩ ውስጥ ያለችውን ጣት የማታክል ፒስተን ይዞ ያስቀራታል። የፋብሪካው መመሪያ ቫልቩን አትፍቱ፣ ሙሉውን በአዲስ ቀይሩ ይላል። አዲሱን ሪድዋን አዲስ አበባ ድረስ አስጠይቆ አጥቶታል። ስለዚህ ይፈታዋል፤ ያየዋል። ፒስተኗ ጭረት ካላት ነገሩ አበቃ፤ ለስላሳ ከሆነች ታጥባ ትገባለች። ካልያዘ ግን፣ ወላሂ፣ ቁልፉን ለማንም አልሰጥም አለ።

"ፍታው እንግዲህ" አለ ተክለጻድቅ።

ሊፈታ አልተቻለም። የዕድር ንብረት ያለ ኮሚቴ አይፈታም። ይህ ደንብ የወጣው የዕድሩ ትልቅ ብረት ድስት ሊጠገን ሄዶ አንሶ በተመለሰበት ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የዕድሩ ወንበር እግሩ ሲላላ እንኳ ኮሚቴ ቆሞ ነው የሚመታው። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኮሚቴው ጋራዡ ደጃፍ ተገኘ። ደጃፉ ጥላ የለውም። ፀሐይዋ አናት የምትበሳ ነበረች። ሃምሳ አለቃ ሀብተወልድ ዙሪያውን ተመለከቱና፣ ዕድር ድንኳን እያለው ኮሚቴው በፀሐይ የሚቃጠልበት ምክንያት አልታየኝም አሉ። ድንኳኑ ተተከለ። ድንኳን ካለ ወንበር ይመጣል። ወንበሩ ተደረደረ።

ሪድዋን ሥራውን ጀመረ። ቫልቩን ከሞተሩ ላይ ካወረደ በኋላ ዕቃዎቹን የሚያሳርፍበት ንጹሕ ጨርቅ ፈለገ፤ አንዲት ቅንጣት አሸዋ ውስጡ ከገባች ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በጋራዡ ያለው ጨርቅ ሁሉ ከዘይቱ የባሰ ነው። ዕድሩ ዘንድ ያለው ንጹሕ ጨርቅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ለመገነዣ የተቀመጠው አቡጀዲ። ሃምሳ አለቃ ጥቂት አሰቡና ይቀደድ አሉ። ተቀደደ። ድንኳኑ መሀል በጠረጴዛ ላይ ተነጠፈ። ሪድዋን ቫልቩን በዚያ ላይ አሳረፈና ይፈታው ጀመር፤ ኮሚቴው ዙሪያውን ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቁ ኋላ ሲጠየቁ፣ ነጩን ጨርቅ ሲያዩ እጃቸው በራሱ እንደሄደ ተናገሩ።

መጀመሪያ የገባችው ዘይነባ ናት። ዘይነባ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የምትነግድ፣ ለሰው ደስታም ኀዘንም ቀድማ የምትገኝ ሴት ናት። በመንገድ ስታልፍ የዕድሩን ድንኳን አየች፤ ውስጡ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ነጭ ጨርቅ ከበዋል። ሸክሟን በር ላይ አወረደች፣ ሻርፗን ወደ ፊት ሳበች፣ ገብታ ጥግ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን መጥረግ ጀመረች።

ማን እንደሞተ አልጠየቀችም። ማንም አይጠይቅም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ነው ማለት ጎረቤቴ ሲሞት አልሰማሁም ብሎ ራስን ማጋለጥ ነው፤ ከዚህ ነውር ሰው ዝም ብሎ ያልታወቀ ሬሳ ቢያለቅስ ይሻለዋል። ቀጥሎ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ገቡ። ቀጥሎ መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች፣ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ። ቀጥሎ የማይታወቁ፣ ከድሬ ጠያራ ጫት ሸጠው የሚመለሱ ሰዎች። ወንበር አነሰ፤ ከጎረቤት መጣ። ንፍሮም መጣ። ማን እንደቀቀለው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሃምሳ አለቃ ነገሩን ግልጽ ሊያደርጉ ተነሱ። እሳቸው ሲነሱ ድንኳኑ በሙሉ ተነሣ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት" አሏቸው ፊት የነበሩት።

ሃምሳ አለቃ አፋቸውን ከፈቱ። "አብሮ ያጽናን" አሉና ተቀመጡ። ኋላ ሲናገሩ፣ የብዙ ዘመን ልማድ ነው፣ ምላሴ ከኔ ቀድሞ ሄደ ብለዋል።

ተክለጻድቅ ጥሩንባውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ይህን ያህል ዘመን አንድም ለቅሶ ያለ እርሱ ጥሪ ሞልቶ አያውቅም። ዛሬ ድንኳኑ ጢም ብሏል፤ እርሱ ግን ከንፈሩን እንኳ አላረጠበም። ሥርጉት ይህን አላጣችውም። መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ድምፅዋ የክፋት አልነበረም።

"ጋሽ ተክሌ፣ ይዩት እስኪ። ማንም አልጠራቸውም።"

ተክለጻድቅ ጥሩንባውን ወደ ሆዱ ሳበው።

በዚህ መካከል ወይዘሮ ተናኘወርቅ በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ዕድሩ ሲመሠረት ከነበሩት ሰዎች በሕይወት የቀሩ ብቸኛዋ ናቸው፤ በእርሳቸው ዕድሜ ነውር የሚባል ነገር ስለማይቀር በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ፍሬን ነው እማማ፣ የሞተሩ ፍሬን ነው ተባሉ። ጎንበስ ብለው ጨርቁ ላይ የተሰደሩትን ተመለከቱ፤ የቫልቩ አካል፣ ቀጭኗ ሞላ፣ ትንሿ ፒስተን፣ ጠቁሮ የተሰነጠቀው የጎማ ቀለበት። ከፒስተኗ ላይ እንደ አተላ የጠቆረ ነገር እየተጠረገ ነበር።

"ብዙ ቆይቶበታል?" አሉ።

"ዘይቱ ከተቀየረ ስንት ዘመኑ እማማ" አለ ሪድዋን። "ግን ፒስተኗ ጤነኛ ናት። ጭረት የላትም፣ አልሐምዱሊላህ።"

ይህን የሰሙ ከኋላ ያሉ ለቀስተኞች፣ አልተሠቃዩም ማለት ነው እየተባባሉ ተጽናኑ።

ሪድዋን ፒስተኗን በአዲስ የፍሬን ዘይት አጠባት፣ አዲስ የጎማ ቀለበት አለበሳት፣ በሞላዋ ላይ መልሶ በጣቱ ገፋ አደረጋት። ሄደች፤ ተመለሰች። ደግሞ ገፋት፤ ተመለሰች። ቫልቩ ተዘግቶ ቦታው ገባ። ከዚያ ከቱቦው ውስጥ አየር ማስወጣት ነበረበት። አየር ካለ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል እንጂ አይይዝም፤ ለዚህ ደግሞ አንድ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው ጎማው ጋ ያለችውን ትንሽ ብሎን ከፍቶ ይዘጋል። ሪድዋን ቀና ሲል ከፊቱ የቆሙት ሃምሳ አለቃ ነበሩ።

"ና ርገጥ" አላቸው። "ያዝ። እንዳትለቅ። አሁን ልቀቅ።"

ሃምሳ አለቃ ሀብተወልድ ከወታደር ቤት ከወጡ ወዲህ ማንም ያዝና ልቀቅ ብሏቸው አያውቅም። ግን ረገጡ። ያዙ። ለቀቁ። መጀመሪያ ከኋላ፣ ከዚያ ከፊት፣ ዘይቱ በቀጭኑ ቱቦ አረፋ እየደፈቀ ወጣ፤ አረፋው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠራ። ፔዳሉ እግራቸው ሥር ድንጋይ ሆነ። ፊታቸው በራ፤ ግን ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አላቸውና መልሰው አጨለሙት።

"አልቋል" አለ ሪድዋን። ራሱ እየነዳ ቁልቁለቱን ሁለቴ ወርዶ ሞከረው። ያዘለት። ቁልፉን ለተክለጻድቅ ሰጠው።

አሁን ፈተናው ቀረ። ድንኳኑ በር ላይ በኖራ መስመር ተሰመረ። ሃምሳ አለቃ ቀደም ብለው የበየኑት ግልጽ ነው፤ በሥራ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚፈተነው። ቀኝ እጅ ጥሩንባ ላይ፣ ጥሪ በአፍ። እዚህ ላይ ነገሩ ተቋጠረ። ጥሩንባ ያለ ሞት አይነፋም። ያለ ሞት የተነፋ ጥሩንባ ሟርት ነው፤ ተክለጻድቅ እንኳን ሊነፋው አቧራውን ሲጠርግ ትንፋሹን ይቆጥባል። ሞት ከሌለ ጥሪ የለም፤ ጥሪ ከሌለ ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ጥሩንባው ዕቃ ቤት ይገባል።

ኮሚቴው ጥግ ይዞ በሹክሹክታ ተማከረ። አንዱ አቶ አሰፋን ደግሞ እንጥራቸው አለ። ቤተሰቡ ምን ይላል፣ ሰው ስንቴ ይሞታል ተባለ። ሌላው የሌለ ስም እንፍጠር አለ። ለሌለ ሰው ዕድሩ ሊወጣ ነው ወይ፣ አባል ሳይሆን እንዴት ይቀበራል ተብሎ ወደቀ። ሦስተኛው እስቲ ትንሽ እንጠብቅ፣ ከተማው ትልቅ ነው አለና ሁሉም ዞረው ሲያዩት አፈረ።

"የኔን ጥራ" አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

ኮሚቴው ወደ እርሳቸው ዞረ።

"የስንቱን ስም ሰማሁ በዚህ ጥሩንባ። የባሌን ሰማሁ፣ የእህቶቼን ሰማሁ። የኔን አገሩ ሁሉ ሊሰማው፣ እኔ ብቻ ልቀር ነው? አንዴ ልስማው።"

ተክለጻድቅ ተነሥቶ ቀረባቸው። "እማማ፣ ውሸት ይሆንብኛል" አለ።

"ውሸት አይደለም ልጄ። ቀን ቀደም ማለት ነው።"

ሃምሳ አለቃ ደንቡን በልባቸው አገላብጠው የሚከለክል ነገር አጡበት። አንድ አባል ስሜ ይጠራልኝ ካለ ይጠራለታል፤ መቼ የሚል አልተጻፈም።

ተክለጻድቅ ሞተሩን አስነሥቶ ዳገቱን ወጣ። አናቱ ላይ አጠፋው። ከዚያ ላይ ጀጎል በሙሉ ይታያል፤ የቤቶቹ ጣሪያ፣ ሚናራው፣ የመድኃኔዓለም ጉልላት፣ ከታች ደግሞ ነጩ ድንኳን እንደ ወደቀ መሐረብ። አማተበ። በጸሎቱ አሁንም ፍሬኑን አላነሣም፤ "ስማቸውን እንዳላበላሽ" ብቻ አለ። ቀኝ እጁን ወደ ጥሩንባው ላከና ሞተሩን ለቀቀ።

ጥሩንባው ጮኸ። ቁልቁለቱ ላይ ያለ በርና መስኮት ሁሉ ተከፈተ። "የዕድሩ አባል ሁሉ ስማ! ወይዘሮ ተናኘወርቅ ወልደሰንበት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል!" ጎማው እየፈጠነ ነው። ነፋሱ ዓይኑን አስለቀሰው። ድንኳኑ እየሰፋ መጣ፤ የኖራው መስመር ታየ። ተክለጻድቅ ረገጠ። ለአንድ አፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ኋላው ያዝ አደረገ፣ ቀጥሎ ፊቱ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ያዘ፤ ሞተሩ ሳይንሸራተት፣ ሳይንገጫገጭ፣ የፊት ጎማውን መስመሩ ላይ አሳርፎ ቆመ። "በዘጠኝ ሰዓት እንድትገኙ ትባላላችሁ" አለ ተክለጻድቅ፤ ጥሪ አይቋረጥምና።

ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው ፈነዳ።

ከጠዋት ጀምሮ ለማን እንደሚያለቅስ ሳያውቅ ዕንባውን ሲቆጥብ የነበረ ሰው ሁሉ አሁን ስም አገኘ። ዘይነባ እማማ ተናኘ፣ እማማ ተናኘ እያለች ደረቷን መታች፤ ኀዘኑ ሲበረታባትም አጠገቧ የተቀመጡትን አሮጊት አንገት አቅፋ አለቀሰች። አሮጊቷ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነበሩ። እርሳቸውም ዘይነባን ጀርባዋን እየደባበሱ አይዞሽ ልጄ፣ ለሁሉም የማይቀር ነው አሏት። ዘይነባ ቀና ብላ አየቻቸው። ደግማ አየቻቸው። ከዚያ በተመሳሳይ ዕንባ፣ አንዲት ጠብታ ሳታባክን፣ በደስታ ማልቀስ ቀጠለች።

አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበም። መቃብር የሚቆፍሩት ጎረምሶች ጥሪ ከሰሙ ማንንም አይጠብቁም፤ ዶማና አካፋቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደዋል። ተክለጻድቅ ሊመልሳቸው ሞተሩን ሲያስነሣ ሥርጉት ስልኳን አወጣች። ቆፋሪዎቹ ጋ ደወለችና አስቆመቻቸው። ጉድጓዱ ወገብ ደርሷል፣ ምን እናድርገው አሏት። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሰምተው፣ ይቆይ፣ አፈሩን መልሰው አይድከሙ አሉ። ሥርጉት ለቀረው ዕድርተኛ ደግሞ በቴሌግራሙ ጻፈች፤ ወይዘሮ ተናኘወርቅ እንዳልሞቱ፣ በሕይወትና በጤና እንዳሉ፣ የተነፋው ለፍሬን ፈተና እንደሆነ አንድ በአንድ ዘርዝራ። መልሱ ወዲያው ጎረፈ። ነፍስ ይማር። ነፍስ ይማር። የሚያለቅስ ፊት። የተጋጠመ መዳፍ። ደግ ሴት ነበሩ። ሥርጉት ኧረ አልሞቱም ብላ ደግማ ጻፈች። እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት።

ስልኳን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ሃምሳ አለቃ ለቅሶው ጋብ ሲል ተነሡ፤ አሁንም ሰው ሁሉ አብሮ ተነሣና በእጃቸው አስቀመጡት። ሞተሩ መስመሩ ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ድምፅ ይሰጥ አሉ። ጥሩንባው ይቀጥል የምትሉ። እጅ ወጣ። በስልክ ይሁን የምትሉ። እጅ ወጣ። ሥርጉት ቆጠረች፤ ሃምሳ አለቃ ቆጠሩ፤ እኩል ለእኩል ሆነ። ተክለጻድቅ መሬት መሬቱን ሲያይ ከጥግ ወንበር አንድ ቀጭን እጅ ዘግይቶ፣ በከዘራው ተደግፎ ወጣ። ለጥሩንባው ነበር።

"እማማ" አለች ሥርጉት፤ ከልቧ ተጨንቃ። "ደንቡ... በጥሩንባ ስሙ የተጠራ አባል ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ድምፅ የለውም። ወራሹ ነው የሚተካው።"

"ሞቻለሁ እንዴ ልጄ?"

"አልሞቱም። ግን ተጠርተዋል።"

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነገሩን አዙረው አዩት። የሚቸኩሉበት ነገር አልነበረም።

"ይኸው ጥሪ በሕይወት ቁጭ ብዬ ከዕድሩ የሚያስወጣኝ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ኃይል ያለው ጥሪ ዕቃ ቤት ምን ያስገባዋል? የማያስወጣኝ ከሆነ ደግሞ፣ እጄን ቁጠሪ።"

ሥርጉት አፏን ልትከፍት አለችና ከወገቧ ጎንበስ ብላ ሳቀች፤ ስትስቅ ዕንባዋ መጣ፤ ዘይነባ አይታ አብራ አለቀሰች። "ይቆጠር" አለች ሥርጉት። ሃምሳ አለቃም "ይቆጠር" አሉ። ተቆጠረ። አባል ያልሆኑት ልብስ ሰፊዎችና ባጃጆች እንኳ ምን እንደተወሰነ ሳይገባቸው እልል ሊሉ ዳድቷቸው፣ ለቅሶ ቤት ነው ብለው ተቆጠቡ።

ድንኳኑ ሲፈርስ ተክለጻድቅ ወይዘሮ ተናኘወርቅን ክንዳቸውን ይዞ መንገዱን አሻገራቸው። በመንገድ የሚያገኟቸው ሰዎች ቆመው ነፍስ ይማር ይሏቸዋል፤ እርሳቸውም አሜን ይላሉ። ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ ተክለጻድቅ ቀኑን ሙሉ አፉ ላይ የነበረውን ጥያቄ አወጣ። በዚህ ሥራ የጠራቸው ሰዎች አንዳቸውም ሊመልሱለት የማይችሉት ጥያቄ ነው።

"እማማ፣ እንዴት ነበር?"

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቁልፋቸውን ፈለጉ፤ አገኙ፤ በሩን ከፈቱ።

"ጥሩንባው መልካም ነው። ስሜንም ደህና ጠራኸው። የአባቴ ስም ላይ ግን ቸኮልክ።"

"ፍሬኑን ፈርቼ ነው እማማ።"

"አሁንስ ይይዛል?"

"ይይዛል።"

"እንግዲያው በሚቀጥለው ረጋ በል" አሉና በሩን ዘጉት።